የሐረማያን ሐይቅ ማን ጠጣው?

ስለ አገራችን የተፈጥሮ ሀብት መራቆት ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን ጥፋቱን ወይ በድርቅ ወይ በሕግ እጦት እናሳብባለን። እኔ ግን ሕግ እያለ፣ ተመራማሪም ከደጁ እያለ፣ አንድ ሐይቅ ሲያልቅ አይቻለሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኛ አቆጣጠር) ያኔ ዓለማያ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለልምምድ ሐይቁ ዳር በወጣንበት ቀን አንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ እንደደከመበት ነገረኝ። ሞተሩን ወደ ውኃው አስጠግቼ፣ አየር የሚያስገባውን ቱቦ ጠገንኩለት። ውኃው ሲበረታ መረቀኝ፤ እኔም መሐንዲስ የሆንኩ መሰለኝ። ሐይቁ ስንት ውኃ እንደያዘ፣ በዙሪያው ስንት ሞተር እንደሚስብ ግን አልጠየቅሁም።

በ1997 ዓ.ም. ግድም ሐይቁ ደረቀ።

ነገሩን እንደ ባንክ ደብተር እንየው። የሐረማያ ገቢ ዝናብና ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ውኃ ነው። ወጪው ትነት፣ የከተሞች መጠጥና መስኖ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በትነት ብዙ ያጣል። ዛፉ ከተመነጠረ ኮረብታ የሚወርደው ደለል ደግሞ የሚይዘውን መጠን ያሳንሰዋል። በዚህ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐረር የምትጠጣው ከዚሁ ነበር። ገበሬውም ለጫቱና ለአትክልቱ ይስባል። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ እሱ የተወውን ጎረቤቱ እንደሚስበው ያውቃል።

ሕጉስ? የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለቤት ውስጥ ፍጆታም ቅድሚያ ይሰጣል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ይህ ለአንድ ድሃ ገበሬ ተገቢ ነው። ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። ሐይቁ በኦሮሚያ፣ ዋናዋ ጠጪ ከተማ በሐረሪ ክልል ናቸው። የሁሉንም ፍጆታ ደምሮ «ከዚህ በላይ አይቻልም» የሚል ሰው በዚያ ዳር አላየሁም።

ዕዳውን የከፈለው ሕዝቡ ነው። ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ተራራ ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነ። የሁለቱን ከተሞች የከፍታ ልዩነት ብቻ ብንወስድ 700 ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ይህን ያህል ለማውጣት፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል።

ዛሬ የምሠራው ኮሎራዶ ነው። እዚህ ጉድጓድ ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል። በሳን ሉዊስ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች የከርሰ ምድሩ ውኃ ሲሸሽባቸው፣ ከሚስቡት ላይ ክፍያ እንዲጣልባቸው ራሳቸው ተስማምተዋል። ችግሩ ጨርሶ ባይወገድም፣ ቢያንስ ስንት እንደተሳበ ይታወቃል።

ደስ የሚለው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሐረማያ ውኃ በከፊል ተመልሷል። ዝናቡም፣ በኮረብታዎቹ ላይ የተሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃም ረድቷል። ስጋቴ ግን አልለቀቀኝም። ድሮ የናፍጣ ዋጋ ገበሬውን «በቃህ» ይለው ነበር፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ሞተር ግን ነዳጅ ስለማይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ይስባል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሐይቁን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት ያለበት ብረት መትከል፣ ሞተሮቹን መቁጠር፣ ውኃው ከየትኛው ምልክት በታች ሲወርድ መስኖ እንደሚቆም ከገበሬዎቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። ገበሬው ያልተስማማበት ሕግ ሌሊት ይሻራል።

እኛም ድርሻ አለን። ለዘመዱ የውኃ መሳቢያ ገዝቶ የላከ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ እኔም ልኬያለሁ። የሚቀጥለውን ከመላካችን በፊት እኔ ያኔ ያልጠየቅሁትን እንጠይቅ፦ ውኃው ስንት ነው? ከኛ ሌላ ስንት ሰው ይስባል? ድምሩንስ ማን ይዞታል?

ቸር ይግጠመን።