የማይሽር የእግር ቁስል፦ ፋሻው ብቻ አይበቃም

በመጀመሪያ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው ይጠቁራል። ቀጥሎ ያሳክካል፣ ይደርቃል። አንድ ቀን በጥፍር ሲታከክ ወይም ከአልጋ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ትንሽ ቁስል ይከፈታል። ያ ቁስል ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ሳይሽር ይከርማል። ብዙ እናቶችና አባቶች «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው በቀሚስና በካልሲ ሸፍነው ይዘውት ይኖራሉ። ቁፓት ሆሊም ሄደው ፋሻ ያስቀይራሉ፣ ቅባት ይቀበላሉ፣ ይመለሳሉ። የቁስሉ ምንጭ ግን ብዙውን ጊዜ ቆዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ደም መላሽ ሥር ነው።

ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ ዳገት አለበት። ከወንዝ ውሃ በእንስራ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣትን የሚያስታውስ ሰው ይህ ይገባዋል፤ በየመሃሉ ማረፊያ ያስፈልጋል። በደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ በሮች ማረፊያዎቹ ናቸው። ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሰው ሲራመድ ደሙን የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፣ ደም ሥሩ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። በዕብራይስጥ ዳሊዮት የሚሉት ይህንኑ ነው። ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ ቆዳውን ያደክመዋል፤ የደከመ ቆዳ አንዴ ከተከፈተ አይገጥምም። በዘር የሚመጣ አለ፤ ብዙ መውለድ፣ ውፍረት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት፣ ቀደም ሲል በእግር ላይ የረጋ ደምም ያመጡታል።

አንድ ነገር ለሐኪም መንገር ይጠቅማል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ አይታይም፤ የቆዳውም መጥቆር ለማያውቀው ሰው የተፈጥሮ መልክ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «እግሬ ዱሮ እንዲህ አልነበረም» ማለት ያስፈልጋል።

ቁስሉ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ መሻል ካልጀመረ፣ ከሮፌ ሚሽፓሃ የሚጠየቀው ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪም የሚልክ ሃፍናያ ነው። ዶፕለር በሚባለው ምርመራ፣ ያለ መርፌና ያለ ሕመም፣ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ በስክሪን ይታያል። የእግርና የክንድ የደም ግፊትም ይነጻጸራል። ይህ ቀላል የሚመስል ልኬት መታለፍ የለበትም፤ ደም ወደ እግር የሚያወርደው ሥር የጠበበበት ሰው እግሩ በኃይል ከታሰረ ይጎዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በተለይ ይህ ሳይለካ እግሩን አጥብቆ ማሰር የለበትም። የስኳር ቁስል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣቶችና በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ፣ ሌላ ሕክምና የሚፈልግ ነው።

አጥብቆ ማሰር የሕክምናው መሠረት ነው፤ ፋሻውም ሆነ ጋርቤ ላሐጽ የሚባለው ካልሲ። ሆኖም በሮቹን አይጠግንም። ለብዙ ጊዜ የተለመደው አሠራር ቁስሉ በፋሻ እስኪድን ጠብቆ ከዚያ በኋላ ደም ሥሩን ማከም ነበር። በ2018 በእንግሊዝ አገር 450 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። ሁሉም እግራቸው ታስሮ፣ ገሚሶቹ ደም ሥራቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ታከመ፤ ሌሎቹ ቁስሉ እስኪድን ወይም ስድስት ወር እስኪሞላ ቆዩ። ቶሎ የታከሙት ቁስል በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን ሲድን፣ የሌሎቹ 82 ቀን ፈጀ። ከዚያ በፊት በ2004 የወጣ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ቀዶ ሕክምና ከፋሻ ጋር ሲደረግ ቁስሉ በዓመት ውስጥ የሚመለስባቸው ከ100 ሰው 12 ሲሆኑ፣ በፋሻ ብቻ ግን 28 መሆናቸውን አሳይቷል።

ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ቢላዋ ይታየዋል። ዱሮ እውነት ነበር፤ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ደም ሥሩ ከብሽሽት ጀምሮ ተጎትቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት የተበላሸው ደም ሥር ከውስጥ ይታሸጋል። አረፋ የሚመስል መድኃኒት የሚወጋበትም ዘዴ አለ። ሰውየው በዚያው ቀን በእግሩ ይራመዳል።

«ደም ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ያልፋል?» የሚለው ፍርሃት ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ከእግር የሚመለሰው ደም ዘጠኝ አሥረኛው ያህል የሚሄደው በጥልቅ ባሉት ሥሮች ነው። ላይኛው ሲዘጋ ደሙ ወደ እነርሱ ይዞራል። ዶፕለሩ አስቀድሞ የሚያየውም ጥልቆቹ ክፍት መሆናቸውን ነው።

ወረቀቱም አለ። ሆስፒታል ከመሄድ በፊት የትኛው ዘዴ እንደሚሸፈን ቁፓውን መጠየቅ፣ ቶፌስ 17 መያዝ ይገባል። ቋንቋው ካስቸገረ የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግድ አይደለም። እግሯን ለልጅ ማሳየት የምታፍር እናት እውነቱን ሁሉ አትናገርም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት የቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። አስተርጓሚ መጠየቅ እንግዲህ ልመና አይደለም።

ካልሲው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ፈተና ነው፤ ብዙዎች የሚያወልቁትም ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ሳያብጥ ማድረግ ይቀላል። ጉልበት የሌለው ሰው ሜታፔሌት ወይም ልጅ ታልብሰው፤ ማልበሻ መሣሪያም አለ። ቡናው እስኪፈላ በዝቅተኛ ዱካ ላይ እግር አንጠልጥሎ ከመቀመጥ ጋደም ብሎ እግርን ከልብ ከፍ ማድረግ ይሻላል። የጥብርያ ፍል ውሃ የሚወዱ ሽማግሌዎችም ቁስሉ እስኪገጥም ይታገሡ፤ ሙቀቱ ደም ሥሩን ያሰፋል፣ ክፍት ቁስልም ሕዝብ የሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ አይነከርም። ታክሞም ለወራት የማይሽር ቁስል ካለ፣ ሐኪሙ ከጠርዙ ትንሽ ቆርጦ ካንሰር አለመሆኑን ያጣራል።

ከሕክምናው በኋላ መበለዝና መደንዘዝ ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ይሻላል። ባት ካበጠና አጥብቆ ካመመ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ 101 ይደወላል፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና።