ሆድ ሳይቀደድ የሚፈታ አንጀት

የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ረዝሞ እንደ ገመድ ሲጠመዘዝ፥ አየርና ዐይነ ምድር መውጫ አጥተው ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሕመሙ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ብርቱ ሰው በቀዶ ጥገና ይድናል፤ ልቡና ሳንባው ለደከመ ሽማግሌ ግን ማደንዘዣው ራሱ ያሰጋል።

ኖርዌጃዊው ሐኪም ብሩስጎርድ በ1947 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በፊንጢጣ በኩል መመልከቻና ቱቦ አስገብቶ የተጠመዘዘውን መፍታት እንደሚቻል በጽሑፍ ገለጠ። ዛሬ ይኸው ሥራ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ ይከናወናል። የሚያሳዝነው፥ የተፈታው አንጀት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ለማይችሉት አንዳንድ ሐኪሞች አንጀቱን በቀጭን ቱቦ ከሆድ ግድግዳ ጋር ያያይዙታል፤ ይህም ከማመርቀዝ ነጻ አይደለም።

«ቁርጠት ነው፥ ያልፋል» እየተባለ ታድሮ አንጀቱ ደም አጥቶ የጠቈረ እንደ ሆነ ግን፥ ከቀዶ ጥገና በቀር መላ የለም።