ከልጆች ጋራ ወደ ዲስኒላንድ ለሚሄዱ ወላጆች የሚጠቅም ምክር

ልጆችን ማስተማርና በመልካም ጠባይ ማሳደግ የወላጆች ተቀዳሚ ተግባር እንደ ሆነ ማንም አይስተውም። ነገር ግን ከልጆች ጋራ አብሮ መጫወትና መደሰት ከዚሁ ተግባር አንዱ ክፍል መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። አባት በመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ፤ እናትም በሥራዋና በቤቷ አሳብ ተጠምደው ሲውሉ፤ ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያውቋቸው በትእዛዝና በተግሣጽ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ለይቶ ከቤተ ሰብ ጋራ ለዕረፍት መውጣት ፍቅርን ማደስ እንጂ ገንዘብን ማባከን አይደለም።

ከወገኖቻችን ብዙዎች ዛሬ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ይኖራሉ። በዚያ ከተማ የፌርፋክስ መንገድ አንዱ ክፍል በፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሻገር ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ እንደ ሆነ፤ ሻንጣው ገና ሳይፈታ የሚሰማው ልመና አንድ ነው፤ ይኸውም «ዲስኒላንድ ውሰዱን» የሚል ነው። ይህ የታወቀ የመጫወቻ ሥፍራ አናሃይም በምትባል ከተማ ሲገኝ፤ ከሎስ አንጀለስ መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይርቃል። የልጆቹን ልመና ለመፈጸም የሚወድ ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባውን ነገር ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

ሥፍራውን ያቋቋመው ዋልት ዲስኒ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ዳያንንና ሻሮንን በዕረፍት ቀን እየያዘ፤ ግሪፊት ፓርክ በሚባለው የሎስ አንጀለስ መናፈሻ ውስጥ ወዳለው ተሽከርካሪ የእንጨት ፈረስ ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ ፈረሱ ላይ ተቀምጠው ሲዞሩ እርሱ ብቻውን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጆችና ልጆች አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ቢኖር መልካም ነው የሚል አሳብ ያደረበትም በዚያ ጊዜ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። የሥፍራው መነሻ አሳብ ልጆች ሲጫወቱ ወላጅ ብቻውን ቁጭ ብሎ እንዳይቀር ነው። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ በዚያ ውሎ ሲመለስ፤ ልጆቹ ሲሮጡ፤ አባት ሲከፍል፤ እናት ዕቃ ስትሸከም የዋሉ ከሆነ፤ ብዙ ነገር አይተው ቢመለሱም እንኳ የሄዱበትን ዋና ነገር አላገኙም ማለት ነው።

በዚህ ሥፍራ ሙቀትንና የሰውን ብዛት አስቀድሞ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የመጀመሪያው ቀን ታሪኩ ይመሰክራል። በ1947 ዓ.ም. ሐምሌ 10 ቀን እሑድ (በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 17 ቀን 1955) በሩ ለተጠሩት እንግዶች ሲከፈት፤ ሐሰተኛ የመግቢያ ወረቀት የያዙ ብዙ ሰዎች ስለ ገቡ ሥፍራው ተጨናነቀ። ቀኑም እጅግ ሞቃት ስለ ነበረ አዲሱ የመንገድ አስፋልት ለስልሶ የወይዛዝርቱ የጫማ ተረከዝ ይሰምጥበት ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበረም የመጠጥ ውሃው በቂ አልነበረም። ዛሬ ይህ ሁሉ ጉድለት ታርሟል፤ ይሁን እንጂ ሙቀት፤ ጥማትና የሰው ብዛት ዛሬም የጎብኚ ፈተናዎች ናቸው።

በመጀመሪያ የሚታሰበው ቀኑን መምረጥ ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች ዕረፍት የሚያደርጉበት የበጋቸው ወራት፤ ከፈረንጆች ልደት እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፤ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ሰው የሚበዛባቸው ጊዜያት ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በክረምት ስለ ሆነ፤ ከነሐሴ አጋማሽ አንሥቶ እስከ እንቁጣጣሽ ካሉት የሥራ ቀኖች አንዱን መምረጥ ይሻላል። በዚያ ጊዜ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተከፍተዋል፤ ጾመ ፍልሰታም ስለ ተፈታ ለምግቡ አሳብ ይቀላል። ነገር ግን በፈረንጆች ሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሠራተኞች በዓል ነውና ከዚያ ጋራ ከተያያዙት ቀኖች መራቅ ይገባል። ሙቀቱም በዚህ ወቅት ገና ያልበረደ ስለ ሆነ ባርኔጣ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመግቢያ ወረቀቱ ነገር ነው። ዋጋው እንደ ቀኑ ስለሚለያይ፤ ቀኑን ቆርጦ አስቀድሞ መግዛት ይጠቅማል። ዕድሜው 3 ዓመት ያልሞላ ሕፃን ያለ ክፍያ ይገባል፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው ልጅ በልጅ ዋጋ፤ 10 ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፍላል። ደግሞም ከዲስኒላንድ ጎን በ2001 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተከፈተ ሌላ የመጫወቻ ሥፍራ አለ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት የሚያስችል ወረቀት ይሸጣል፤ ሆኖም ታናናሽ ልጆች ያሉት ሰው በአንዱ ቀን አንዱን ብቻ ቢያይ ይሻለዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፤ ሁለቱን ለማየት የሚሮጥ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያየው ይመሻል።

ሦስተኛው ብዙ ወላጆች የሚረሱት ነገር ነው። ከመጫወቻዎቹ አንዳንዶቹ በፍጥነት የሚወነጨፉ ስለ ሆኑ ለልጆች ደኅንነት ሲባል የቁመት ልክ ተወስኖላቸዋል። ማተርሆርን በሚባለው ሰው ሠራሽ ተራራ ላይ ለመውጣት 107 ሳንቲ ሜትር፤ ወደ ጠፈር በሚያስጉዘው ስፔስ ማውንቴን ለመሳፈር 102 ሳንቲ ሜትር፤ ኢንዲያና ጆንስ በተባለው ደግሞ 117 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በየመግቢያው የቁመት መለኪያ ቆሟል፤ ማንም ቢለምን ከዚያ ልክ በታች ያለውን ልጅ አያሳልፉትም። ሳምንቱን ሙሉ ተስፋ ሲሰጠው የሰነበተ ልጅ፤ ወንድሞቹ ሲገቡ እርሱ ብቻውን ከበሩ ቢመለስ፤ ያ ቀን ለእርሱ የደስታ ቀን መሆኑ ይቀርና የኀዘን ቀን ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹን ገና በቤት ሳሉ ከግድግዳ አስጠግቶ መለካትና ተስፋውን በልካቸው መስጠት የአስተዋይ ወላጅ ሥራ ነው።

አራተኛ፤ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ ቤተ ሰቡ በአንድ ገበታ ተሰብስቦ፤ እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ አብልጦ ሊያየው የሚወደውን አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። አባትና እናትም፤ ከጉዞው ጋራ ያለች አያትም ከምርጫው አይቅሩ። በወረቀት የሚጻፈው ውጥን ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከተገኘ እንደ ምርቃት ይቈጠር። እንዲህ ሲሆን ታናሹ ልጅ የታላቁን ምርጫ፤ ታላቁም የእናቱን ምርጫ ማክበር ይማራል። የአዛውንት ምርጫ ብዙ ጊዜ ሥፍራውን የሚዞረው ባቡር ነው። በ4 ጣቢያዎች እየቆመ ዙሪያውን ያሳያል፤ ለደከመ እግርም ዕረፍት ይሆናል። ብዙ መራመድ ለማይችል ሰው ተሽከርካሪ ወንበር፤ ለሕፃንም ጋሪ በመግቢያው አጠገብ ይከራያል።

አምስተኛው የሰዓት አጠቃቀም ነው። በዚህ ሥፍራ ከገንዘብ ይልቅ የሚባክነው ሰዓት ነው፤ ሰዓትን የሚበላውም ተራ መጠበቅ ነው። በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሰው፤ ሰው በብዛት ሳይገባ የሚሻውን ነገር በጥቂት ጥበቃ ያገኘዋል። ፀሐይ ስትበረታ ከጥላ ሥር ዐርፎ ምሳ መብላት ወይም ወደ ማደሪያ ተመልሶ ሕፃናትን ማስተኛት፤ ሲቀዘቅዝም ደግሞ መመለስ ይገባል። የቀኑን አካሄድ የሚወስነው ከቤተ ሰቡ ሁሉ ፈጥኖ የሚደክመው ሰው ይሁን እንጂ ፈጥኖ የሚሮጠው አይሁን። በጉልበተኛው ልክ የታቀደ ቀን በልቅሶና በቁጣ ይፈጸማል።

ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ደግሞ ይህን ይወቁ። አንደኛው ከታላላቆቹ ልጆች ጋራ ሲገባ ሌላው ከሕፃኑ ጋራ ይቈይና፤ የፊተኛው ሲወጣ ሁለተኛው እንደ ገና ረጅሙን ተራ ሳይጠብቅ እንዲገባ የሚፈቅድ ደንብ አለ። ይህንንም ከመሰለፍ በፊት በበሩ ላለው ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል። ይህን ደንብ ባለማወቅ ብዙ እናቶች ከጋሪው አጠገብ ሲጠብቁ ይውላሉ።

ስድስተኛ፤ ስለ ምግብና ስለ ገንዘብ። ለራስ የሚሆን ስንቅ ይዞ መግባት ተፈቅዷል፤ የብርጭቆ ዕቃና የሚያሰክር መጠጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው አይቸገርም፤ ዳቦ ቆሎ፤ ፍራፍሬና ውሃ ቢይዝ ቀኑን በሰላም ይውላል። ለመታሰቢያ የሚሆን ዕቃ መግዣም ለእያንዳንዱ ልጅ ልኩ የታወቀ ገንዘብ አስቀድሞ ይነገረው፤ ግዢውም ሲወጡ ይሁን። ጠዋት የተገዛ አሻንጉሊት እስከ ማታ የእናት ሸክም ነውና።

ሰባተኛ፤ ልጅ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ገና ሳይገቡ መነጋገር ይገባል። የወላጁ የስልክ ቍጥር በወረቀት ተጽፎ በልጁ ኪስ ይግባ። ሠራተኞቹ ስማቸው የተጻፈበት ምልክት በደረታቸው ስለሚያደርጉ፤ ልጁ ይህን ምልክት ወዳደረገ ሰው እንዲሄድ በበሩ ላይ አንዱን ሠራተኛ አሳይቶ ማስረዳት ይጠቅማል።

የመጨረሻው ምክራችን ለአባቶች ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሌሎች ቆመው ሲጠብቁት የኖረ ሰው፤ በዚያ ሥፍራ ከማያውቀው ሰው ኋላ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ ነገሩ ይከብደው ይሆናል። ጥበቃውን ለማሳጠር ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት መንገድ መኖሩ እውነት ነው፤ የሚችል ሰው ቢጠቀምበት ነውር የለበትም። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ የሚቈየው ግማሽ ሰዓት፤ ልጅ አባቱን ያለ ጸሐፊና ያለ ባለ ጉዳይ ብቻውን የሚያገኝበት ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ አባት ስልኩን ከኪሱ ባያወጣ፤ ስለ ልጅነቱ፤ ስላደገበት መንደር፤ በገና ሰሞን ስለ ተጫወተው የገና ጨዋታ ቢያወራለት፤ ልጁ ከተራራውና ከባቡሩ ይልቅ ይህን ሲያስታውስ ይኖራል። አባቱ ሳይቈጣና ሳይጋፋ ተራውን ሲጠብቅ ያየ ልጅም፤ የሰውን መብት ማክበርን ያለ መምህር ይማራል።

ዋልት ዲስኒ በ1966 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አርፏል፤ የእንጨት ፈረሱ ግን ዛሬም በዲስኒላንድ ግንብ ጀርባ ይዞራል። እናንተም ወደዚያ ስትደርሱ ከልጆቻችሁ ጋራ ውጡበት እንጂ በአግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ አትጠብቋቸው።