የዕይታ ጎዳና ካርታ፦ ከዓይን እስከ ኋለኛው አንጎል

ዓይን የተቀበለው ብርሃን ትርጉም ያለው ምስል መሆን የሚጀምረው ከማጅራት ከፍ ብሎ በሚገኘው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው። መልእክቱ ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ከሬቲና፣ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ አንጎልን ከፊት ወደ ኋላ ያቋርጣል። ይህ ረጅም መንገድ የዕይታ ጎዳና ይባላል። ዛሬ ራስ ቅል ሳይከፈት፣ በኤምአርአይ መሣሪያ፣ የአንድን ሕያው ሰው የዕይታ ጎዳና በምስል ማውጣት ይቻላል። ካርታው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የቀዶ ሕክምና ቢላዋ በዚያ መንገድ አጠገብ ሊያልፍበት ላለ ሰው ነው።

ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች በአንድ ጥቅል ሆነው ይወጣሉ፤ ጥቅሉ የዕይታ ነርቭ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከአንጎል ሥር፣ ካያዝማ በሚባለው ቦታ ይገናኛሉ። በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የመጡት ክሮች እዚህ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ፤ በጆሮ በኩል ያሉት በመጡበት ጎን ይቀጥላሉ። ተሻጋሪዎቹ ከግማሽ ጥቂት ይበልጣሉ። በዚህም ምክንያት ሰው ከሚያተኩርበት ነጥብ በስተግራ ያለው ሁሉ፣ በየትኛውም ዓይን ይታይ፣ ወደ ቀኝ አንጎል ይሄዳል፤ በስተቀኝ ያለውም ወደ ግራ። ከካያዝማ ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ አብጦ መገናኛውን ሲጫን ሕመምተኛው በግራና በቀኝ ዳር ያለውን ማየት የሚሳነው ለዚህ ነው፤ የሚጎዱት ተሻጋሪዎቹ ክሮች ናቸውና።

ከካያዝማ በኋላ አብዛኞቹ ክሮች ታላመስ በሚባለው የአንጎል መካከለኛ ክፍል ውስጥ በምትገኝ፣ ስድስት ድርብርብ ሽፋን ባላት ትንሽ ጣቢያ ያበቃሉ። ሦስቱ ሽፋኖች የአንዱን ዓይን መልእክት፣ ሦስቱ የሌላውን ይቀበላሉ። ከጣቢያዋ የሚነሡት አዳዲስ ክሮች ሰፋ ብለው ተዘርግተው ወደ ኋላ ያመራሉ፤ ይህ ክፍል የዕይታ ጨረር ይባላል። የላይኛውን የዕይታ መስክ የሚያመጡት ክሮች ግን በቀጥታ ወደ ኋላ አይሄዱም። መጀመሪያ ወደ ፊት፣ በጆሮ በኩል ወዳለው የአንጎል ክፍል ገብተው ይጠመዘዙና ከዚያ ይመለሳሉ። መታጠፊያው እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እርሱ በጻፈው በአዶልፍ ማየር ስም የማየር ጥምዝ ይባላል። ሐኪሞችን ከሁሉ የሚያሳስባቸው ይህ ጥምዝ ነው።

የጎዳናው መድረሻ በኋለኛው አንጎል የላይኛው ሽፋን ላይ ያለው የመጀመሪያው የዕይታ ቅርፊት ነው። በፓርማ የሕክምና ተማሪ የነበረው ፍራንቸስኮ ጄናሪ እ.ኤ.አ. በ1776 የቀዘቀዘ አንጎል ሲሰነጥቅ በኋለኛው ክፍል ቅርፊት ውስጥ ቀጭን ነጭ መስመር አየ። መስመሩ ከዕይታ ጋር ግንኙነት እንዳለው እርሱ አላወቀም ነበር። የቦታውን ሥራና አደረጃጀት በዝርዝር ያሳየው ጦርነት ነው። በ1904 እና በ1905 በተካሄደው የሩስያና የጃፓን ጦርነት የሩስያ ጠመንጃ ጥይት ትንሽና እጅግ ፈጣን ስለነበረ ራስ ቅልን በስቶ ቀጥ ባለ መስመር ይወጣ ነበር፤ ከቆሰሉትም ብዙዎች ተርፈዋል። የጃፓን የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ የጡረታ አበላቸው እንዲወሰን የእነዚህን ወታደሮች ዕይታ ይመረምር ነበር። ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቀዳዳ በልዩ መለኪያ ለክቶ በመካከል ያለፈበትን መስመር አሰላ፤ ያንንም ወታደሩ ማየት ከተሳነው የመስክ ክፍል ጋር አዛመደ። በዚህ መንገድ ቅርፊቱ የዕይታ መስክ ሥርዓት ያለው ካርታ እንደሆነና መካከለኛው ዕይታ ሰፊውን ቦታ እንደሚይዝ በ1909 አሳተመ። ብሪታንያዊው የነርቭ ሐኪም ጎርደን ሆምስም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ላይ ተመሳሳይ ካርታ ሠራ። በ1991 ሆርተንና ሆይት የተባሉ ተመራማሪዎች ኤምአርአይ ተጠቅመው የሆምስን ካርታ ሲፈትሹ ሆምስ ለመካከለኛው ዕይታ የሰጠው ቦታ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእጃቸው የጥቂት ሰዎች ጉዳት ብቻ የነበረ ቀደምት ሐኪሞች እዚህ መድረሳቸው ያስደንቃል።

የዘመናችን ምስል ሁለት ዓይነት ካርታ ይሰጣል። አንደኛው የሥራ ካርታ ነው። የአንጎል አንድ ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም ደግሞ መግነጢሳዊ ባሕርዩ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት በኤምአርአይ ማንበብ እንደሚቻል ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 አሳየ። በ1992 በሰው ላይ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ የዕይታ ቅርፊት ነበር። ምርጫው ትክክል ነው፤ ብርሃን ማብራትና ማጥፋት ቀላል ሲሆን የቅርፊቱም ምላሽ ጉልህ ነው።

በምርመራው ጊዜ ሰውየው በሚንኳኳው የማሽኑ ዋሻ ውስጥ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በጀርባው ይተኛል፤ ዓይኑን ከመካከለኛዋ ነጥብ አይነቅልም። በፊቱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ቀለበት ከመካከል ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሰፋል። ቀለበቱ ሲሰፋ በቅርፊቱ ላይ ያለው ምላሽ ከኋላ ጫፍ ወደ ፊት ይጓዛል። ደሙ ምላሹን የሚሰጠው ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ስለሆነ ሂሳቡ መዘግየቱን ቀንሶ እያንዳንዱን የቅርፊት ነጥብ ከመስኩ ነጥብ ጋር ያገናኛል። ዘዴው በ1994 ታተመ፤ በ1995 ደግሞ የሚሽከረከር ሽብልቅ ተጨምሮበት የአንዱን የዕይታ አካባቢ ወሰን ከጎረቤቱ ለመለየት አገልግሏል።

ሁለተኛው የመንገዶቹ የራሳቸው ካርታ ነው፤ መነሻው ውሃ ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉ የውሃ ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ። በነርቭ ክር ጥቅል ውስጥ ግን እንደልባቸው በየአቅጣጫው አይሄዱም፤ በታረሰ ማሳ ውሃ ፈሩን ተከትሎ እንደሚሄድ፣ እነርሱም በክሩ ርዝመት ሲጓዙ ይቀናቸዋል፣ ሊያቋርጡት ሲሉ ይታገዳሉ። ኤምአርአዩ በብዙ አቅጣጫ እንቅስቃሴውን ይለካል። ፒተር ባሰር፣ ጄምስ ማቲየሎና ዴኒ ለቢያን በ1994 ልኬቱን ወደ ሒሳባዊ ቀመር ለወጡት፤ በዚያም በእያንዳንዱ የምስል ቅንጣት ውስጥ ክሮቹ በዋናነት ወዴት እንደሚያመሩ ማወቅ ተቻለ። ኮምፒውተሩ ከታላመሷ ጣቢያ ተነሥቶ አቅጣጫውን ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ሲከተል የዕይታ ጨረር በማያ ገጹ ላይ ይሣላል።

ይህ ሥዕል ክሮቹ ፎቶ እንደተነሡ ተደርጎ መታየት የለበትም። በጎኑ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ቅንጣት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ሊይዝ ይችላል፤ የሚገኘው የሁሉም ድምር ነው። ሁለት ጥቅሎች በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሲተላለፉ ቀላሉ ቀመር የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ካያዝማ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ተሻጋሪዎቹ እንደሚበዙ ሲያረጋግጥ ከውሃ የተሣለው ካርታ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያሳያል። የማየር ጥምዝም በድንገት ስለሚታጠፍ ካርታው ጫፉን ቆርጦ የሚያስቀርበት ጊዜ አለ።

በጥምዙ ጫፍ የሚቀር ትንሽ ስሕተት ትልቅ ዋጋ የሚያስከፍለው በሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ነው። መድኃኒት ላልረዳቸው አንዳንድ ሕመምተኞች በጆሮ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል የፊተኛው ቦታ ተቆርጦ ይወጣል። ከሬሳ አንጎል የተሠራ ጥናት የክፍሉ የፊት ጫፍና የጥምዙ ርቀት ከ22 እስከ 37 ሚሊ ሜትር እንደሚለያይ አሳይቷል። ለአንዱ አደጋ የሌለው ቁርጥ የሌላውን ዕይታ ይበጥሳል ማለት ነው። ጥምዙ ሲቆረጥ ከተቆረጠው ተቃራኒ ጎን የላይኛው ሩብ መስክ ይጠፋል፤ ሕመምተኛው በቤቱ ውስጥ ላያስተውለው ይችላል፣ መንጃ ፈቃዱን ግን ሊያሳጣው ይችላል። ከሚጥለው በሽታ ተላቅቆ መኪና እነዳለሁ ብሎ ቢላዋ ሥር ለተኛ ሰው ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ለንደን በኩዊን ስኩዌር ያሉ ሐኪሞች የሕመምተኛውን የራሱን የዕይታ ጨረር በቀዶ ማይክሮስኮፕ ውስጥ እንዲታይ አድርገው ሠርተዋል። በ2014 ባወጡት ውጤት በዚህ መንገድ ከታከሙት መካከል ከመንዳት የሚያግድ የዕይታ ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። አንጎል ራስ ቅሉ ሲከፈትና በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ሲፈስ ከቦታው ስለሚንሸራተት ቀዶው እየተካሄደ ዳግመኛ ምስል ማንሣት አስፈልጓቸዋል።

ዕጢ ከዕይታ ጨረር አጠገብ ሲበቅል ካርታው በሕመምተኛው በራሱ የሚፈተንበትም ዘዴ አለ። ሰውየው ነቅቶ ሳለ ሐኪሙ ጥቅሉ ያለበትን ቦታ በደካማ ኤሌክትሪክ ይነካል፤ በሕመምተኛው ፊት ሁለት ሥዕሎች በዕይታ መስኩ ሁለት ማዕዘን ይታያሉ። ኤሌክትሪኩ ሲነካው አንዱን ሥዕል መሰየም ካቃተው ወይም ብልጭታ አየሁ ካለ ቦታው የዕይታ ጨረር እንደሆነ ይታወቃል፤ ሐኪሙም ቁርጡን እዚያ ያቆማል።