በስልክ የሚመጣ የጠሃራ ጥያቄ፦ ሆዳቸው ላይ መውጫ የተሠራላቸው ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የምትኖር አንዲት እኅት የሸዕባን ወር ሊያልቅ ሲል በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ባለቤቷ በአንጀት መጨረሻ ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ሰገራቸው ሆዳቸው ላይ በተሠራ መውጫ በኩል በከረጢት ይጠራቀማል። «ሸይኽ፣ ለየሶላቱ ከረጢቱን መንቀል ግድ ነው ወይ?» ስትል ጠየቀች። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነቀል መልሼ ጠየቅኋት። አምስት ጊዜ ነው አለች። ከአንድ የቴሌግራም ስብስብ «ነጃሳ ተሸክሞ ሶላት የለም» የሚል የድምፅ ፈትዋ ደርሷቸው ኖሯል። ከመውጫው ዙሪያ ቆዳው ተልጦ ይደማል። ሰውየው ደግሞ ከረጢቱ እንዳይሞላ ብለው ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል።

ያ ፈትዋ የተሳሳተው ደንቡን ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠይቅ መመለሱም ነው ያሳሳተው። የጠሃራ ሑክም በመውጫው ዓይነት ይለያያልና። ከትልቁ አንጀት ታችኛ ክፍል የሚወጣው ኮሎስቶሚ ሰገራው ጠጠር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀን ውስጥ የታወቀ ሰዓት ይኖረዋል። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ኢሊዮስቶሚ ግን ፈሳሽ ነው፣ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም፤ ባለቤቱ ውሃና ጨው በቶሎ ስለሚያጣ መጠጥ መቀነስ ለእርሱ አደጋ ነው። ዩሮስቶሚ ሽንትን ያወጣል፤ እርሱም አያቋርጥም። አንዳንዱ መውጫ ዘላቂ ነው፤ ሌላው ከወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋ ጊዜያዊ ነው። ፊቅህ የተማርን ሰዎች ይህን ከነርሶች መማር ይገባናል ብዬ አምናለሁ። እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

የጉዳዩ መሠረት የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ሐዲሥ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ይህች ሶሓቢያ የማያቋርጥ ደም ሲፈሳት ሶላት ልተው ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃለች። መልሳቸው የወር አበባ ቀናቷ ካለፉ በኋላ ደሙን አጥባ እንድትሰግድ ነበር፤ ለየሶላቱ ውዱእ እንድታደርግም ታዘዘች። ዑለማእ ሽንት የማይቋጠርለትንና መሰሎቹን «ባለ ዑዝር» ብለው በዚሁ ላይ ቀያሱ። ዝርዝሩ ላይ ግን ይለያያሉ። በሐነፊ መዝሀብ የባለ ዑዝሩ ውዱእ የሶላቱ ወቅት እስኪወጣ ይጸናል፤ በወቅቱ ውስጥ የሻውን ፈርድና ሱና ይሰግድበታል። ባለ ዑዝር ለመባል ግን በመጀመሪያ ውዱእ አድርጎ ለመስገድ የሚበቃ ፋታ የሌለበት አንድ ሙሉ ወቅት ሊያልፍበት ይገባል። ሻፊዒዮች ወቅቱ ከገባ በኋላ ለየፈርዱ ውዱእ እንዲታደስ ያዛሉ። ማሊኪዮች ፈሳሹ የወቅቶቹን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ አብሮ ከቆየ ውዱእን አያፈርስም ይላሉ፤ ማደሱ የተወደደ ነው። በአገራችን ሻፊዒውም ሐነፊውም በስፋት አሉ፤ በወሎም ጎን ለጎን ይኖራሉ። በየካ አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሕሙማን የተለያየ፣ ግን ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ለሺህ ሰው የሚበተን አንድ የድምፅ መልእክት ይህን አይለይም።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ኢማም አን-ነወዊ በሚንሃጅ እንዳሰፈሩት፣ የተፈጥሮው መውጫ ተዘግቶ ከጨጓራ በታች ሌላ ከተከፈተ፣ ከአዲሱ የሚወጣው ውዱእን ያፈርሳል፤ የተፈጥሮው ካልተዘጋ ግን በጎላው አቋም አያፈርስም። ፊንጢጣቸው በቀዶ ሕክምና የተወገደላቸው ሰው ከመጀመሪያው ወገን መሆናቸው ግልጽ ነው። ጊዜያዊ መውጫ ያላቸውስ? የተፈጥሮው መንገድ አለ፣ የሚያልፍበት ግን የለም። ለእነርሱ ውዱእ ማደሱን የተሻለ ጥንቃቄ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ የሰገዱትን ግን ድገሙ አልልም።

ወደ እኅቲቱ ጥያቄ ስመለስ፣ ሆድ በውዱእ ከሚታጠቡ አካላት ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ በቆዳው ላይ የሚለጠፈውን ክፍል ለውዱእ መንቀል የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ይህ ክፍል እንደ ሁኔታው ለጥቂት ቀናት እንዲቆይ የተሠራ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ሲነቀል ቆዳውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱም አይጣበቅም። ከረጢቱ ከሥሩ የሚከፈት ከሆነ ባዶ ማድረግ ከተቻለ ይደረጋል፤ የሚቀረው ቅሪት ከዶሩራ የተነሣ ይቅር የሚባል ነው። ማውጣቱ ከከበደ፣ ወይም በውሃ ፈረቃ ምክንያት ማጠቢያ ከጠፋ፣ እንደ ሁኔታው ይሰገዳል፤ አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ እንደማያስገድድ በአል-በቀራ መጨረሻ ተነግሯልና። ለጀናባ ትጥበት የተለጠፈው ክፍል በስብራት ማሰሪያ (ጀቢራ) ሑክም ይታያል፤ በእርጥብ እጅ ይታበሳል። መቀየሪያውን ቀን ከጁሙዓ ትጥበት ጋር ማገጣጠም ድካም ይቀንሳል።

ብዙዎች ሶላቱን ሳይሆን መስጂዱን ይተዋሉ። ሽታ ይኖራል ብለው ይሳቀቃሉ፤ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ የተነገረውንም ወደ ራሳቸው ይወስዱታል። ከጀማዓ መቅረት ለእነርሱ ሩኽሳ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች አንዷ ደም እየፈሰሳት ከሥሯ ማጠራቀሚያ ዕቃ ተቀምጦላት በመስጂድ ኢዕቲካፍ እንዳደረገች ቡኻሪ ዘግበዋል። በሚገባ የተጣበቀ ከረጢት ሽታ አያወጣም። ችግሩ ከረጢቱ ከውጭ የሚመጣና ውድ መሆኑ ነው። ያጣ ሰው ፌስታልና ጨርቅ ያስራል፤ ያ ደግሞ ያፈሳል። መስጂዶች ከሶደቃ ገንዘብ ከረጢት ቢገዙ ብዙ ሰው ወደ ሶፍ ይመለሳል።

ስልኩ በዚህ ሁሉ መካከል ይጠቅማል፤ ልክ ግን አለው። ከእንጦጦ ዳገት ወርዶ፣ ታክሲ ቀያይሮ ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ለታማሚ ቀላል አይደለም፤ ቆዳው መቅላቱን ለነርስ በፎቶ ማሳየት አንድ ቀን ሙሉ ያተርፋል። ነገር ግን መውጫው ብዙ ጊዜ ከእምብርት በታች ስለሚሆን ለወንድም ዐውራ ነው፤ የሴቷማ ግልጽ ነው። ዶሩራ የሚፈቅደው በልኩ ነውና ፎቶው ለሚያክመው ሰው ብቻ ይላካል፣ ፊትና ስም አይታይበትም፣ ሥራው ሲያልቅ ከሁለቱም ስልክ ይሰረዛል። ለስብስብ አይላክም። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። ስብስቡ የሚጠቅመው ለምክርና ለመጽናናት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በክሊቭላንድ ክሊኒክ የመጀመሪያውን የዚህ እንክብካቤ ሥልጠና ከቀዶ ሐኪሙ ሩፐርት ተርንቡል ጋር የጀመሩት ኖርማ ጊል ራሳቸው ኢሊዮስቶሚ የተሠራላቸው ነበሩ፤ ታማሚ ለታማሚ የሚያውቀውን ሐኪም አያውቀውም። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይበልጣል። በስብስቡ ውስጥ የሚመልስ ዓሊም ግን ከሑክሙ በፊት መውጫው ምን ዓይነት ነው፣ ፋታ አለው ወይ፣ መዝሀብዎ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ጥያቄው የሕክምና ከሆነም ወደ ነርሷ ይምራ።

የጾሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው ሐኪሙ ከከለከለው መጾም የለበትም፤ መውጫው ጊዜያዊ ከሆነ ሲዘጋለት ቀዷ ያወጣል፣ ዘላቂ ሆኖ መጾም ተስፋ ከሌለው ፊድያ ይሰጣል። የእኅቲቱ ባለቤት ከወሎ የመጡ ሐነፊ ናቸው፤ መውጫቸው ኮሎስቶሚ ነው፤ ሰገራው በአብዛኛው ጠዋት ስለሚወጣ ለዙህርና ለዐስር ፋታ አላቸው። በዚያ ፋታ እንዲሰግዱ፣ ከረጢቱን ከሥሩ ብቻ ባዶ እንዲያደርጉና ውሃ እንዲጠጡ ነገርኋቸው፤ የቆዳቸውን ነገር ነርሷ ይዛዋለች። በረመዷን ኬሞቴራፒ በወሰዱባቸው ቀናት አፈጠሩ፣ ቀሪውን በሐኪማቸው ፈቃድ ጾሙ። ያፈጠሯቸውን ቀናት በስልኳ መዝግባ የያዘችላቸው እርሷ ናት።