በመካነ ሰላምና በአካባቢው ሸቀጥ ከየት መግዛት ይሻላል? የዋጋ፣ የአቅርቦትና የአመቺነት ንጽጽር

በደቡብ ወሎ ዞን በቦረና ወረዳ መካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ሸማች የወር ቀለቡን ለመሸመት ከአንድ በላይ አማራጭ አለው። የሰፈር ሱቅ፣ የጅምላ መደብር፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር መደብርና ሳምንታዊው ገበያ የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው። በቅርብ ዓመታት በየከተማው እየተስፋፋ የመጣው የእሁድ ገበያም በዚሁ ውስጥ ይደመራል። ይህ ጽሑፍ ሸማቹ እነዚህን አማራጮች በራሱ ሚዛን አወዳድሮ እንዲወስን ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። የዕለት ዋጋ ዝርዝር ግን አልተካተተበትም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ አሳሳች ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋ ከየት እንደሚመነጭ ማወቁ ለሸማቹ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ዋጋው መንገድ ላይ ይወሰናል

በመካነ ሰላም ሱቆች የሚሸጡት ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙናና የመሳሰሉት የፋብሪካ ውጤቶች በአብዛኛው ከደሴ ተጭነው በአቀስታ በኩል ደጋውን አቋርጠው የሚደርሱ ናቸው። የጭነት ኪራይ የሚታሰበው በኩንታል ስለሆነ አንድ ኩንታል ጨውና አንድ ኩንታል ሻይ ቅጠል ለመኪናው ተቀራራቢ ሒሳብ ይከፈልባቸዋል። በጨው ዋጋ ላይ ሲደመር ግን ኪራዩ ከፍተኛ ድርሻ ይይዛል፤ በሻይ ቅጠል ላይ ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ በደሴና በመካነ ሰላም መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ከባድና ርካሽ በሆኑ ሸቀጦች ላይ ነው። ደሴ ደርሶ የሚመለስ ዘመድ ያለው ሰው ሻይ ቅጠል ከማስመጣት ይልቅ ዱቄትና ስኳር ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ ለዚያውም የሚጫንበት መኪና ኪራይ የማያስከፍለው ከሆነ ነው።

በአካባቢው የሚመረተው እህል ጉዞ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ድንች ከዚሁ ደጋ ወደ ደሴ የሚወጡ ምርቶች ናቸው፤ ጤፍና ማሽላ ደግሞ ከወይና ደጋውና ከዓባይ ሸለቆ ወገን ካለው ቆላ ይመጣሉ። እነዚህን ከገበሬው እጅ በገበያ ቀን መግዛት እየተቻለ ተፈጭቶና ታሽጎ ከሩቅ የመጣ የባቄላ ወይም የአተር ሽሮ ከሱቅ መግዛት ሁለት ጊዜ ኪራይ እንደ መክፈል ይቆጠራል። ጊዜ የሌለው ሠራተኛ ወይም ለብቻው የሚኖር ተማሪ ይህን አውቆ ቢከፍል የሚነቀፍ አይደለም። ሳያውቅ የሚከፍለው ግን ብዙ ነው።

ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ደግሞ የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘይት፣ ሩዝና የዱቄት ወተት ዋጋ ከብር ምንዛሪ ጋር ይበልጥ ተሳስሯል። የእህል ዋጋ ደግሞ ወቅትን ይከተላል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የመኸር ምርት ጊዜ ረገብ ይላል፣ በክረምቱ ወራት ይወጣል። በልግ የሚያመርቱ ደጋማ ቀበሌዎች ባሉበት አካባቢ በክረምቱ መግቢያ ጥቂት ፋታ ይገኛል። በጾም ወራት የሽሮና የዘይት፣ ለረመዳን የተምር፣ ለፋሲካና ለአረፋ የእርድ ከብት ፍላጎት እንደሚጨምር የወሎ ሸማች በልምድ ያውቀዋልና ማብራራት አያስፈልግም። በዓሉ ከመድረሱ ሦስትና አራት ሳምንት ቀደም ብሎ የማይበላሸውን ነገር መግዛት የሚያስገኘው ጥቅም ግን ሱቅ ከማማረጥ ሊበልጥ ይችላል።

የሰፈር ሱቅ

የሰፈር ሱቅ ማልዶ ይከፈታል፣ አምሽቶ ይዘጋል፣ በእግር ይደረሳል። ከሁሉ በላይ ግን አነስተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ወሳኝ የሆኑ ሁለት አገልግሎቶችን ይሰጣል፤ እነሱም በጥቂት በጥቂቱ መሸጥና ዱቤ ናቸው።

በጥቂቱ መሸጥ ማለት ዘይት በሲኒ ወይም በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳርና ቡና በትንንሽ ፌስታል፣ በርበሬ በማንኪያ ማለት ነው። ባለሱቁ ለመመዘን፣ ለማሸግና ለሚባክነው ስለሚያስብ በጥቂቱ የተገዛ ዕቃ በኪሎ ሲሰላ ምንጊዜም ይወደዳል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ውድ የሚከፍለው ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ብዙ ለመግዛት አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ለዚህ ቀላል መላ የለውም። አንዳንድ ጎረቤታሞች ግን ገንዘብ አዋጥተው አንድ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ወይም ግማሽ ኩንታል ዱቄት ገዝተው ይከፋፈላሉ፤ ቡና እየጠጡ የሚወሰን ነገር ነው። እቁብ የለመደ ሰፈር ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም።

ዱቤን በሚመለከት ባለሱቁ በዱቤ የሚሰጠውን ዕቃ በእጅ በእጅ ከሚሸጠው አስወድዶ እንደሚሰጥ ወይም እንደማያስወድድ ሸማቹ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ብዙ ባለሱቆች ለደንበኛ ዋጋ አይጨምሩም፤ የሚጨምሩም አሉ። የዱቤው መዝገብ በባለሱቁ እጅ ብቻ ሲሆን በወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ የተወሰደው ዕቃ፣ ቀኑና ዋጋው በሸማቹም ደብተር ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም ሰላም ነው። ሁለቱ ሒሳቦች በየሳምንቱ ቢተያዩ ደግሞ የተሻለ ይሆናል። ሕፃን ልጅ ለዱቤ ሲላክ የሚፈጠረው ስህተትም ቀላል የሚባል አይደለም።

የሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያ

በዕድሜ የገፉ አንባቢያን በደርግ ዘመን የነበረውን የቀበሌ ኅብረት ሱቅና ሰልፉን ያስታውሳሉ። የዛሬው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በመልኩ ቢመሳሰልም በሕግ የተለየ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ አባሉ ያለው የዕጣ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ነው፤ ከትርፉም ድርሻ ያገኛል። በመሆኑም የማኅበሩን ዋጋ ከሱቁ ጋር ሲያነጻጽሩ በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ብቻ አይተው መወሰን አይገባም፤ ለአባል በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ነገር ካለ እሱም የዋጋው አካል ነው።

የማኅበር መደብር ጥንካሬ በስኳር፣ በዘይትና በዱቄት ላይ ነው፤ በተለይ በመንግሥት በኩል ስርጭት በሚኖርበት ጊዜ። ድክመቱ ምርጫው ጠባብ መሆኑ፣ ዕቃው የሚገባበት ቀን በእርግጠኝነት አለመታወቁና የሥራ ሰዓቱ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሰዓት ጋር መጋጨቱ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በርካሽ ገዛ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ዕቃ ሲገባ ማስታወቂያ የት እንደሚለጠፍ ከመደብሩ ሠራተኛ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። የእሁድ ገበያ በተዘጋጀበት ቦታ አምራቹ፣ ማኅበራቱና ሸማቹ ያለ ደላላ ስለሚገናኙ የአትክልትና የእህል ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ስሙ ብቻ ዋስትና ስላልሆነ እዚያም ዋጋ ጠይቆ መግዛት ተገቢ ነው።

በጣሳ የተሰፈረና በኪሎ የተመዘነ

በሳምንታዊው ገበያ እህል አሁንም በጣሳና በቁና ሲሰፈር ይታያል። ጣሳ ይዘትን እንጂ ክብደትን አይለካም። ከነገለባው ያለ ገብስ ቀላል ነው፤ ጤፍ ግን እርስ በርሱ ስለሚጠቃጠቅ በዚያው ጣሳ ውስጥ ይበልጥ ይከብዳል። የአንዱን ሻጭ ጣሳ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ደግሞ መለኪያው አንድ ዓይነት መሆኑን፣ በቁልል ወይም በልክ መሰፈሩን ማየት ያሻል። የቆረቆዘ ወይም ታችው የተደቀነ ጣሳ ምን ያህል እንደሚያጎድል ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቃል። ብዙ የሚገዛ ሰው አንዱን ጣሳ በሚታመን ሚዛን አስመዝኖ ዋጋውን በኪሎ ቢያሰላ ከሁሉም ይሻለዋል። ከዚህ ላይ የአፈርና የጠጠር ነገር አለ፤ ከመቶ ኪሎ አምስቱ እንክርዳድና አፈር ከሆነ የተገዛው ዘጠና አምስት ኪሎ ነው።

በታሸጉ ዕቃዎችም ላይ ይኸው ስሌት ይሠራል። ለምሳሌ አንዱ ሱቅ አንድ ኪሎ ስኳር በ120 ብር፣ ሌላው 900 ግራም የሚመዝን ከረጢት በ112 ብር ይሸጣሉ እንበል። የሁለተኛው ርካሽ ይመስላል፤ 112 ለ0.9 ሲካፈል ግን ኪሎው ከ124 ብር በላይ ይሆናል። ዘይት ላይ ሊትርና ኪሎ መለየት አለባቸው፤ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ወደ 920 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን አምስት ኪሎ አይሞላም።

የመንገዱም ወጪ መታሰብ አለበት። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ለመምጣትና ለመመለስ 60 ብር የሚያወጣ ሰው በኪሎ 8 ብር የሚያተርፍበትን ዕቃ አምስት ኪሎ ቢገዛ 40 ብር ብቻ ስለሚተርፈው 20 ብር ይከስራል። አሥር ኪሎ ቢገዛ ግን 20 ብር ያተርፋል። በገበያ ቀን ለሌላ ጉዳይም ስለሚመጣ ኪራዩን በሸመታው ላይ ብቻ መጫን አይገባ ይሆናል፤ ይህን ሸማቹ ራሱ ይፈርዳል። ክረምት ላይ መንገድ ሲበላሽ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቋረጥ ዋጋ ስለሚንር፣ ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ጨው፣ ዘይትና እህል በቤት ማኖር ጠቃሚ ነው።

ከርካሽነት በፊት መታየት ያለበት አንድ ዕቃ ጨው ነው። የአዮዲን እጥረት እንቅርትንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት መጓደል ስለሚያስከትል ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ያለው መሆን አለበት። በክፍት ጆንያ ፀሐይና ርጥበት ላይ የዋለ ጨው አዮዲኑን ያጣል። በማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ገዝቶ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥና ከወጡ መጨረሻ ላይ መጨመር ይመረጣል። ቅቤና የተፈጨ በርበሬም ባዕድ ነገር የሚቀላቀልባቸው ምርቶች ናቸው። ዋጋቸው ከገበያው በእጅጉ ዝቅ ሲል መጠራጠር ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚለውና አቤቱታ

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ ማመልከትና ለሸማቹ ደረሰኝ መስጠት ይጠበቅበታል። የተበላሸ ወይም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ መብቱ በጊዜ የተገደበ ስለሆነ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይውል ሳያድር መሄድ ይኖርበታል። ዕቃ እያለ የለም ብሎ መደበቅ የተከለከለ ነው። በአንጻሩ መንግሥት ዋጋ ካልወሰነለት ሸቀጥ ላይ አንዱ ሱቅ ከጎረቤቱ ማስወደዱ ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ይህን አለመለየት አቤት ባዩን ያደክማል።

በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብ የሚተወው መልእክት መክፈልዎን ያሳያል፤ የተገዛው ዕቃ ምን እንደሆነና በስንት እንደተሸጠ ስለማይናገር የደረሰኝን ቦታ አይተካም። ደረሰኝ በማይሰጥበት የጉልት ገበያ ደግሞ የሻጩን መቀመጫና ቀኑን ማስታወስ፣ ብዙ ሲገዙም ምስክር ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

አቤቱታ የሚቀርበው በቅድሚያ ለወረዳው ወይም ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ዞኑ መምሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ክልሉ ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ማቅረብ ይቻላል። ሲሄዱ ደረሰኙን፣ ዕቃውን ከነማሸጊያው፣ የሱቁን የንግድ ስም ወይም ቦታ እና የተገዛበትን ቀን ይዘው ይሂዱ። የሚዛን ጉድለት ከሆነ ዕቃውን ሳይከፍቱና ሳይቀንሱ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ከተከፈተ በኋላ ጉድለቱ በሱቅ ይሁን በቤት ለመለየት አዳጋች ይሆናልና።