«ዲሼቭልድ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ደርሷችሁ እንደሆነ፥ የሰውን መልክ በሚገልጽ አንቀጽ ውስጥ «ዲሼቭልድ» የሚል ቃል ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ብዙ ተርጓሚ «ዝርክርክ» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ አንዳንዱም ይብስና «ቆሻሻ» ይላል። እንዲህ ያለው ትርጉም በፖሊስ ማስታወቂያ ወይም በሠራተኛ መዝገብ ላይ የገባ እንደሆነ የሰውን ስም ያለ በደሉ ያጎድፋል። ቃሉ ስለ መልክ እንጂ ስለ ጠባይ አይመሰክርምና።

የቃሉ ሥር ጠጉር ነው። ሮማውያን የራስን ጠጉር በላቲን «ካፒሉስ» ይሉት ነበር። ይኸው ቃል በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ሸቨል» ሆነ። በትምህርት ቤት «ካፒላሪ» ተብለው የተማርናቸው፥ እንደ ጠጉር የቀጠኑት የደም ሥሮችም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከላቲኑ ነው። ፈረንሳዮቹ በቃሉ ፊት መለያየትን የሚያመለክት «ዴስ» የሚል ምዕላድ ጨምረው፥ ጠጉሩ የተፈታውን ሰው «ዴስሸቨሌ» አሉት። እንግሊዞችም በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ገደማ ከእነርሱ ወሰዱት። ስለዚህ «ዲ» የሚለውን ድምፅ ቢያስወግዱት «ንጹሕ» የሚል ቃል ይቀራል ብሎ የሚገምት ሰው በከንቱ ይደክማል።

በ1400 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሞተው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ«ካንተርበሪ ተረቶች» መቅድም ላይ ይህን ቃል ለአንድ የስርየት ወረቀት ሻጭ ሰጥቶታል። ሰውዬው የራስ መሸፈኛውን አጥፎ በከረጢቱ ከቶ ትንሽ ቆብ ብቻ ደፍቶ ይጋልባል። ጠጉሩ እንደ ሰም ቢጫ ነው፤ ለስልሶም በቀጫጭኑ በትከሻው ላይ ተዘርግቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጠጉሩ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ነው «ዲሼቭልድ» የተባለው። በዚያን ዘመን ቃሉ ያመለክት የነበረው ጠጉር ተፈቶ መታየቱን እንጂ መንጨባረሩን አልነበረም። ያገቡ ሴቶች ጠጉራቸውን ይሸፍኑበት በነበረው አገር፥ በአደባባይ የተለቀቀ ጠጉር የኀዘን ወይም የጥድፊያ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። የተፈታ ጠጉር ቶሎ ስለሚመሰቃቀል ግን፥ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ተመሰቃቀለው ጠጉር፥ ከዚያም ወደ ልብስና ወደ መላው ሁኔታ ተሸጋገረ።

የእኛ ቋንቋ ለጥንቱ ፍች የሚሆን ቃል አለው። «ሹሩባዋን ፈታች» ስንል ኀዘን ደርሶባት ወይም ልትሠራ ፈልጋ ይሆናል እንላለን እንጂ፥ ዝርክርክ ናት የሚል አንድም ሰው የለም። በድሮ የእንግሊዝ መጽሐፍ ውስጥ የምታለቅስ ሴት «ዲሼቭልድ» ተብላ ብትገኝ፥ «ጠጉሯን ፈትታ» ማለት ይበቃል። በዛሬው ጽሑፍ ግን ነገሩ ጠጉር እንደሆነ «የተንጨባረረ»፥ ልብስ እንደሆነ «የተጨማደደ» ወይም «የተዛባ» ይሻላል። ትናንት ታጥቦ የተተኮሰ ልብስ የለበሰ ሰው፥ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ቢገባ በእንግሊዝኛ «ዲሼቭልድ» ነው፤ ቆሻሻ ግን አይደለም። «ዝርክርክ» የሚለውን የማያቋርጥ ልማድን ለሚነቅፈው ለ«ስሎቨንሊ» ማቆየት ይገባል።

«አንኬምፕት» የሚባለውም ጎረቤቱ ነው። እርሱ ግን በውሰት የመጣ አይደለም፤ ማበጠር ከሚል ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ግሥ የወጣ ስለሆነ፥ በቀጥታ ሲፈታ «ያልተበጠረ» ማለት ነው። ዛሬ ሣሩ ላልታጨደ የአትክልት ስፍራም ይነገራል፤ ለዚያ «ያልተከረከመ» ብትሉ አትሳሳቱም።